ሬጉሌተር ውሃ ውስጥ ሲያስቸግር፦ የቱ ይታለፋል፣ የቱ ዳይቩን ያስቆማል?

ጨው_ውሃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የዳይቪንግ (የውሃ ጠለቃ) ኮርስ ላይ ስለ ሬጉሌተር፣ ማለትም ከሲሊንደሩ አየር ስለሚያመጣልን መተንፈሻ፣ ብልሽት የሚነገረው ትንሽ ነው፤ ፍሪፍሎ (አየሩ ሳያቋርጥ በራሱ መልቀቅ) ሲመጣ 30 ሰከንድ መተንፈስ ትለማመዳለህ፣ በዚያው ያበቃል። ምክንያቱን ከምልክቱ መለየት ግን ለብቻው ጣጣ ነው። አንድ ሬጉሌተር ላይ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ቁልቁል ሲዘቀዘቁ ከአየሩ ጋር ትንሽ ትንሽ ውሃ አፍ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከመጥለቅ በፊት ከአፍ ሲወጣ እየጮኸ አየር ይለቃል። ሦስተኛ፣ 5 ሜትር ላይ ቀላል የነበረው አተነፋፈስ 20 ሜትር ላይ ይከብዳል፤ ጌጁ (የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ) ግን 140 ባር ይላል። የሦስቱ ምንጭ አንድ ነው ወይስ የተለያየ? እዚያው ውሃ ውስጥ የሚፈታውስ የቱ ነው?

ሙሉ_ቫልቭ

የተለያዩ ናቸው። ከሦስተኛው ልጀምር፤ ሌሎቹ ያናድዳሉ፣ ይሄኛው ግን አየር ያሳጣል።

20 ሜትር ላይ ያለው ግፊት 3 ባር ነው። ሳንባህ የሚይዘው መጠን ባይለወጥም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር ውሃው ገጽ ላይ ሆነህ ከሚወጣው 3 እጥፍ ነው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ጠበብ ካለ 5 ሜትር ላይ ሳይታወቅ ያልፍና 20 ሜትር ላይ ይጋለጣል። ጌጁ 140 ማለቱ አያዘናጋህ፤ ሳትስብ የምታነበው አየሩ በቆመበት ያለውን ግፊት ነው። ጌጁን ዓይንህ ፊት ይዘህ ረዘም አድርገህ ሳብ። መርፌው ከ140 ወደ 100 ወርዶ መሳብህን ስታቆም ተመልሶ ከወጣ፣ ጥበቱ ያለው ከጌጁ በፊት ነው፤ ወይ የሲሊንደሩ ቫልቭ በከፊል ነው የተከፈተው፣ ወይ ፈርስት ስቴጁ (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው፣ ግፊቱን የሚቀንሰው የሬጉሌተሩ ክፍል) መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ ተደፍኗል። መርፌው ንቅንቅ ሳይል አተነፋፈሱ ብቻ ከከበደ ደግሞ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ፈርስት ስቴጁ የሚሰጠው መካከለኛ ግፊት ወርዷል ወይም ሴኮንድ ስቴጁ (አፍ ላይ ያለው ክፍል) ጠብቋል። ሴኮንድ ስቴጁ ማስተካከያ መዞሪያ ካለው መጀመሪያ እሱን ላላ አድርገው፤ ጠብቆ የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ባላንስድ ያልሆነ (አሠራሩ በሲሊንደሩ ግፊት የሚለዋወጥ) ፒስተን ፈርስት ስቴጅ ሲሊንደሩ እያለቀ ሲሄድ፣ 50 ባር አካባቢ፣ መክበዱ ጠባዩ ነው። 140 ላይ ግን ይህ ሰበብ አይሆንም።

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቫልቩ ነው። "እስከ መጨረሻ ክፈትና ትንሽ መልስ" የሚለው የድሮ ልማድ ነው መዘዙን ያመጣው። አንዱ ከፍቶት የሄደውን ሌላው ሊረዳ ብሎ እስከ መጨረሻ ይዘጋዋል፣ ከዚያ የከፈተው መስሎት ሩብ ዙር ይመልሰዋል። ላይ ሲሞከር ይተነፈሳል፣ ታች ግን አይበቃም። እኔን ብትጠይቀኝ ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው ወይ ሙሉ በሙሉ ዝግ፣ መካከል የለውም።

ውሃ ውስጥ ስትሆን ለጓደኛህ ምልክት ስጠው፤ ተጠግቶ ኦክቶፐሱን (ተጨማሪውን የመጠባበቂያ ሴኮንድ ስቴጅ) በእጁ አዘጋጅቶ ይያዝ። ቫልቩን እሱ ቢከፍተው ይሻላል። ራስህ ከሆንክ በግራ እጅህ የሲሊንደሩን ታች ወደ ላይ ግፋ፣ በቀኝ እጅህ ከጭንቅላትህ ኋላ መዞሪያውን ፈልግ። መዞሪያውን ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው መክፈቻው ወደ ግራ ነው። እያዞርክ አየሩ ይበልጥ ከጠፋ አቅጣጫውን ስተሃል፣ ወዲያው መልሰው። ሙሉ ተከፍቶም መርፌው መውረዱን ካልተወ ዳይቩ አብቅቷል። የራስህ ኦክቶፐስ ደግሞ እዚህ ላይ አያድንህም፤ አየር የሚያገኘው ከዚያው ፈርስት ስቴጅ ነው። የሚያድንህ የጓደኛህ ነው።

ከወጣህ በኋላ ማጣሪያውን እየው። አረንጓዴ ከሆነ በመግቢያው ጨው ውሃ ገብቶ ነሐሱ ተበልቷል። ቀይ ቡናማ ዱቄት ከያዘ የብረት ሲሊንደር ዝገት ነውና ሲሊንደሩ ራሱ ተከፍቶ መታየት አለበት። ጥቁር ብናኝ ከሆነ ከኮምፕሬሰሩ የካርቦን ማጣሪያ የመጣ ነው፤ እዚያ ዳግመኛ አታስሞላ።

ላስቲክ_መርማሪ

የውሃውን ነገር እኔ ልውሰደው። በተለመደው ሴኮንድ ስቴጅ የትንፋሽ ማስወጫው ስስ ላስቲክ ከታች፣ ከአገጭህ በኩል ነው። ቀጥ ብለህ ስትሆን የገባች ጠብታ እዚያው ታች ተጠራቅማ በሚቀጥለው ትንፋሽ ትወጣለች። ስትዘቀዘቅ ግን ታች የነበረው ላይ ይሆንና ውሃው ወደ አፍህ ይፈስሳል። ስለዚህ ስትዘቀዘቅ ብቻ የሚመጣ ጥቂት ውሃ ብዙም አያስደነግጥም፤ ምናልባት የማስወጫው ላስቲክ ጠርዝ ላይ አሸዋ ወይም አንድ ፀጉር ተቀምጧል። ሁለት ሦስቴ በኃይል አስተንፍስ፣ አንድ ጊዜ ፐርጅ አድርግ (የፊቱን ቁልፍ ተጭነህ አየር ልቀቅ)። ብዙውን ጊዜ ይጸዳል።

ቀጥ ብለህም ከገባ ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚነከሰውን ላስቲክ) ጠርጥር። የሚበሳው ጥርስ የሚነክሰው ቦታ ብቻ አይደለም፤ የፕላስቲክ ማሰሪያው ሥር፣ ከታች በኩል፣ ሳይታይ ይሰነጠቃል። ማሰሪያው ያለበትን ቦታ በጣቶችህ ጭመቀውና ተንፍስ። ከደረቀ አገኘኸው፤ ይዘህ መጨረስ ትችላለህ፣ እኔ ግን ወደ ኦክቶፐሱ ቀይሬ እወጣለሁ። ስትተነፍስበት ምላስህን ላንቃህ ላይ አድርግና ቀስ ብለህ ሳብ፤ ጠብታው ጉሮሮ ሳይደርስ ምላስ ላይ ይቀራል።

ፐርጅ አድርገህ ወዲያው በሚቀጥለው ትንፋሽ ሙሉ ጉርሻ ውሃ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፊቱ ዲያፍራም (ውሃውን ከአየሩ የሚለየው ስስ ላስቲክ) ተቀዷል ወይም ከመቀመጫው ወጥቷል፣ አለዚያም ቤቱ ተሰንጥቋል። ውሃ ውስጥ አይጠገንም። ኦክቶፐስህን አፍህ ውስጥ አድርግ፣ ጓደኛህን ይዘህ ውጣ። እዚህ የራስህ ኦክቶፐስ ይሠራል፤ የተበላሸው ሴኮንድ ስቴጁ ብቻ ነውና።

ይህን ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ በአሥር ሰከንድ ማወቅ ይቻላል። ቫልቩን ሳትከፍት፣ ፈርስት ስቴጁ አቧራ መከላከያ ክዳኑን እንደለበሰ፣ ማውዝፒሱን ነክሰህ ሳብ። ምንም መምጣት የለበትም፣ ድርቅ ብሎ መቆለፍ ነው ያለበት። ጭላንጭል አየር ካለፈ ውሃም በዚያው ያልፋል። ኦክቶፐሱንም እንዲሁ ሞክረው፤ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል።

ጨው_ውሃ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ የመርፌው ነገር ገብቶኛል። ፍሪፍሎው ይቀራል። ላይ ሆኖ ከሚለቀውና 6 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከሚለቀው ጋር ምን ይለያያል?

ዘጠኝ_ባር

ላይ የሚለቀው በአብዛኛው ብልሽት አይደለም። ሴኮንድ ስቴጁ ውስጥ አየሩ በፍጥነት ሲያልፍ ዲያፍራሙን ወደ ውስጥ ስለሚስበው ራሱን ክፍት አድርጎ ይይዛል። ማውዝፒሱን ወደታች ገልብጠህ አፉን በጣትህ ድፈነው፣ ይቆማል። ጎኑ ላይ ማንሻ ካለው እስክትጠልቅ "መቀነሻ" ላይ አድርገው።

የማያቆመውን ለይ። ቫልቩን ከፍተህ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ መጮኽ ከጀመረ፣ አንድ ጊዜ ስትስብበት ዝም ብሎ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደገና ከለቀቀ፣ ፈርስት ስቴጁ ውስጥ የከፍተኛ ግፊት መቀመጫው አልቋል። መካከለኛው ግፊት ከአካባቢው ግፊት በላይ ከ8.5 እስከ 10 ባር አካባቢ መቆም ሲገባው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሴኮንድ ስቴጁም ትርፉን ያስተነፍሳል። የቢሲዲ (አየር የሚሞላው የመንሳፈፊያ ጃኬት) መሙያ ቱቦ ጫፍ ላይ በሚሰካ መካከለኛ ግፊት መለኪያ ይታያል፤ ፐርጅ አድርገህ ስትለቅ ቁጥሩ ቶሎ መቆም አለበት፣ እየተንፏቀቀ ከወጣ መቀመጫው ይለወጥ። ሙሉ_ቫልቭ ስለ ሴኮንድ ስቴጁ ማስተካከያ መዞሪያ ያለው ትክክል ነው፣ ግን በተቃራኒው አትጠቀምበት፤ ፍሪፍሎን በመዞሪያ ማጥበቅ ምልክቱን መደበቅ ነው።

ቅዝቃዜው ሌላ ዓለም ነው። አየር ከ200 ባር ወደ 10 ሲወርድ ስለሚሰፋ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል። ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ፈርስት ስቴጁን ሊያሞቀው አይችልም፤ በረዶ ፒስተኑን ወይም ስፕሪንጉን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። በአውሮፓው ኢኤን 250 መስፈርት ከ10 ዲግሪ በላይ ብቻ የሚል ምልክት ያለው ሬጉሌተር 6 ዲግሪ ውስጥ አይገባም። ለቅዝቃዜ በተሠራውም ቢሆን ከመጥለቅህ በፊት ውጭ አየር ላይ አትተንፍስበት፣ ፐርጅ አታድርግ፣ ቢሲዲውን በአጭር በአጭሩ ሙላ፣ እየሞላህ ሳለ አትሳብ።

ታች ከለቀቀ ማውዝፒሱን በከንፈርህ አትዝጋው። አንዱን ጎን ክፍት ትተህ የምትፈልገውን ብቻ ቅመስ፣ ትርፉ በጎን ይውጣ። ትንፋሽህን አትያዝ። ጭንቅላትህን ዘንበል አድርግ፤ አለዚያ አረፋው ማስክህን ይጋርደውና ጌጁን አታይም። 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር ላይ 2400 ሊትር ነው፤ በሙሉ ፍሪፍሎ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፣ በጥልቀት ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ "ትንሽ ይቆይ" አይባልም። ወዲያው ወደ ጓደኛህ ኦክቶፐስ ሂድ። ከእሱ እየተነፈስክ መሆንህ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ቫልቭህን ይዝጋው፤ በረዶው ቢቀልጥም ዳይቩን መቀጠል የለም። በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትፈጥን ውጣ፣ የጓደኛህ አየር ከበቃ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁም።

ሙሉ_ቫልቭ

አረፋን በተመለከተ አጭር ጭማሪ። ጌጁ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ላይ ቀጭን የአረፋ ክር ካየህ ትንሿ ኦሪንግ (የማሸጊያ ላስቲክ ቀለበት) ናት፤ ጌጁን እየተከታተልክ ዳይቩን ጨርስ፣ ከዚያ ትቀየር። ፈርስት ስቴጁና ሲሊንደሩ መካከል ከፈላ ግን ውጣ፣ ያቺ ኦሪንግ በአንድ ጊዜ ልትፈነዳ ትችላለች። ብዙ ሰው የከፍተኛ ግፊት ቱቦ መፈንዳትን ይፈራል፤ የእሱ መውጫ ቀዳዳ የመርፌ ያህል ስለሆነ አየሩ የሚጠፋው ቀስ ብሎ ነው። ቶሎ የሚያራቁትህ የዝቅተኛ ግፊቱ ቱቦ ነው። የቢሲዲ መሙያው ተጣብቆ ራሱ ከሞላ ደግሞ ማያያዣውን ወዲያው ንቀል፣ በሌላ እጅህ አየሩን ልቀቅ።

ማጣሪያው አረንጓዴ እንዳይሆን፣ ስታጥብ ቫልቭ ላይ ካልተገጠመ ፐርጁን አትጫን። ሲጫን ሴኮንድ ስቴጁ ይከፈትና ውሃው በቱቦው እስከ ፈርስት ስቴጁ ይገባል።