"ቢኮዝ" ብዬ የጀመርኩት ዐረፍተ ነገር ለምን ስህተት ተባለ? ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ ላይ እርዱኝ

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) ክላስ እማራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ቀን ውሏችሁ ጻፉ ተብለን ጻፍኩና ወረቀቴ ሲመለስልኝ ቀይ በቀይ ሆኗል። አንድ ቦታ "ሲ ኤስ"፣ አንድ ቦታ "ፍራግ" ይላል፣ አንድ ቃል ደግሞ ተሰርዞብኛል፣ ከታች ሲምፕል ኮምፓውንድና ኮምፕሌክስ ቀላቅለሽ ጻፊ ብላኛለች አስተማሪዬ። ሲ ኤስ ኮማ ስፕላይስ፣ ፍራግ ፍራግመንት ማለት እንደሆነ ነገረችኝ ግን ሰዓት አለቀና ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃት ወጣሁ። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

"አይ ዎክ አፕ አት ፋይቭ፣ አይ ሜድ ኮፊ፣ አይ ራን ቱ ዘ ባስ ስቶፕ። አይ ዋዝ ሌት ፎር ወርክ። ቢኮዝ ዘ ባስ ዲድ ኖት ከም። ኦልዞው አይ ዋዝ ታየርድ፣ በት አይ ዌንት ቱ ክላስ።"

የተሰረዘው "በት" የሚለው ነው። ለኔ ሁሉም ልክ ይመስለኛል፣ በናታችሁ የገባው ሰው በአማርኛ ያስረዳኝ ሐሙስ መልሼ ማስረከብ አለብኝ።

ሳሚ
እህቴ ቀላል ነው አትጨነቂ። ባለቤትና ግስ ያለው፣ ብቻውን የሚቆም አንድ ሐሳብ ሲምፕል ነው። እንደዚህ ያሉ ሁለት ሐሳቦች በኮማና በአገናኝ ቃል ሲያያዙ ኮምፓውንድ ነው። አገናኞቹ ሰባት ናቸው፣ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ፣ የመጀመሪያ ፊደላቸው ሲገጣጠም ፋንቦይስ ይላል እሱን ያዢ። ቢኮዝ፣ ዌን፣ ኢፍ፣ ኦልዞው፣ ዋይል ምናምን የገባበት ኮምፕሌክስ ነው። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር
ሳሚ ያለው ልክ ነው ግን ልጄ ያንቺ ችግር ስማቸውን አለማወቅ አይደለም፣ አማርኛችን ነው ውስጥ ውስጡን የሚጎትትሽ። እኔ ብዙ ዓመት ሃይስኩል እንግሊዝኛ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ ያረምኩት እነዚሁኑ ሦስቱን ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራልሽ።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገርሽን በአማርኛ በዪው። "አስራ አንድ ሰዓት ተነስቼ፣ ቡና አፍልቼ፣ ወደ ፌርማታ ሮጥኩ።" በአማርኛ ሰዋስው ተነስቼና አፍልቼ ቦዝ ናቸው፣ ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፣ ማሰሪያ አንቀጹ "ሮጥኩ" ብቻ ነው፣ ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ እያደረግሽ የፈለግሽውን ያህል ብትቀጥይ ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም። እንግሊዝኛ ላይ ግን "አይ ዎክ አፕ" ስትዪ ማሰሪያ አስገባሽ፣ "አይ ሜድ ኮፊ" ሌላ ማሰሪያ፣ "አይ ራን" ሌላ። ሦስት ሙሉ ዐረፍተ ነገር በኮማ ብቻ ለጠፍሽ ማለት ነው፣ ኮማ ስፕላይስ የሚሉት ይሄንን ነው። የእንግሊዝኛ ኮማ ብቻውን ሁለት ማሰሪያ የመሸከም አቅም የለውም፣ ወይ ነጥብ ወይ ከሰባቱ አንዱን ይፈልጋል፣ ወይ ደግሞ ሴሚኮለን፣ የኛ ድርብ ሰረዝ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ቢኮዝ ነው። ሁላችንም ስንማር "ቢኮዝ ማለት ምክንያቱም" ተብለን ነው የተማርነው፣ ስህተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በአማርኛ "አርፍጄ ነበር። ምክንያቱም አውቶብሱ አልመጣም።" ብትዪ ማንም አያርምሽም፣ "አልመጣም" ማሰሪያ ስለሆነ። ቢኮዝ ግን በባሕርዩ ከምክንያቱም ይልቅ ለ"ስለ" ነው የሚቀርበው። "አውቶብሱ ስላልመጣ።" ብለሽ አራት ነጥብ አድርጊና አንብቢው እስኪ፣ እና ምን ሆነ ያሰኛል አይደል? "ቢኮዝ ዘ ባስ ዲድ ኖት ከም" ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንደዚያ ነው የሚሰማው፣ ለዚህ ነው ፍራግመንት፣ ያልተሟላ ዐረፍተ ነገር፣ ያለችሽ። ቃሉ ግሱ ላይ እንደኛ ስላልተለጠፈና ከፊት ለብቻው ስለተቀመጠ ነው ሙሉ የሚመስለን።

ሦስተኛው ኦልዞውና በት። እኛ "ምንም እንኳን ቢደክመኝም ግን ሄድኩ" እንላለን፣ ምንም እንኳንም ግንም አብረው ይገባሉ ማንም አይከፋውም። እንግሊዝኛ ለሁለት ሐሳብ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል። ኦልዞው ካልሽ በት ይውጣ፣ በት ከፈለግሽ ኦልዞውን ተዪው።

ሄለን ከአዲስ አበባ
መምህር እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን ያህል ጊዜ ቢኮዝን እንደዚህ አስረድቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፣ ራይቲንግ ታስክ ቱ ላይ በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል ነው የሚጻፈው፣ ከውጤቱ ሩቡ ደግሞ ለግራመር ነው፣ እዚያ ውስጥ የዐረፍተ ነገር ዓይነት መቀላቀል በቀጥታ ይታያል። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ "ሃውኤቨር"ን በኮማ እያገናኘሁ ነበር የምጽፈው፣ ከበት ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

ሳሚ
አዎ አንድ ነው ሄሉ፣ ሁለቱም ግን ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር
ሳሚ እዚህ ላይ አልስማማም። ትርጉሙ ይቀራረባል ሥራው ግን ይለያል። ሃውኤቨር ከሰባቱ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር አያስርም። ሄለን፣ ከፊቱ ነጥብ ወይ ሴሚኮለን፣ ከኋላው ኮማ አድርጊ። "አይ ዋዝ ታየርድ። ሃውኤቨር፣ አይ ዌንት ቱ ክላስ።" "ዜርፎር" (ስለዚህ) የሚለውም እንደዚያው ነው።

ሳሚ
ልክ ነዎት መምህር አሳስቻታለሁ፣ ይቅርታ ሄሉ።

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)
መምህር እንዴት እንደማመሰግንዎት አላውቅም፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ሥራ ቦታ እረፍት ላይ ቁጭ ብዬ ደግሜ ጻፍኩት፣ ይዩልኝ እስኪ፦

"አይ ዎክ አፕ አት ፋይቭ፣ ሜድ ኮፊ፣ ኤንድ ራን ቱ ዘ ባስ ስቶፕ። ቢኮዝ ዘ ባስ ዲድ ኖት ከም፣ አይ ዋዝ ሌት ፎር ወርክ። ኦልዞው አይ ዋዝ ታየርድ፣ አይ ዌንት ቱ ክላስ።"

የመጀመሪያው ኤንድ ስላለው ኮምፓውንድ ነው አይደል?

ጡረተኛው መምህር
በጣም ጎበዝ፣ ሦስቱም ተስተካክሏል። ኮማውንም በቦታው ነው ያደረግሽው፣ ጥገኛው ክፍል፣ ቢኮዝ ወይ ኦልዞው ያለበት ማለት ነው፣ ሲቀድም ኮማ ይገባል፣ "አይ ዋዝ ሌት ቢኮዝ ዘ ባስ ዲድ ኖት ከም" ብለሽ ወደኋላ ብትወስጂው ግን አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ግን ሲምፕል ነው። ኤንድ ስላየሽ አትቸኩዪ፣ ባለቤቱን ቁጠሪ። አንድ "አይ" ነው ያለው፣ ሦስቱንም ግስ የተሸከመው እሱ ነው። አንደኛ ክፍል የተማርነውን አስቢ፣ "አበበ ኤት በሶ ኤንድ ድራንክ ዎተር" ሲምፕል ነው፣ አበበ ብቻ ነው ያለው። "አበበ ኤት በሶ፣ ኤንድ ጫላ ሄልድ ኤ ናይፍ" ግን ጫላ የራሱን ግስ ይዞ ስለመጣ ኮምፓውንድ ሆነ።

እንግዲህ ያንቺ ሲምፕልና ሁለት ኮምፕሌክስ አለው፣ ኮምፓውንድ ጎደለሽ። መሃል ላይ ይሄን አስገቢ፦ "አይ ዌይትድ ፎር ሃፍ አን አወር፣ በት ዘ ባስ ዲድ ኖት ከም።" ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቢኮዝ ተዪና "ሶ አይ ዋዝ ሌት ፎር ወርክ" ብለሽ እዚያው በኮማ አያይዢው፣ አውቶብሱን ሁለቴ እንዳትጠሪው። አራተኛውን፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዘውን ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ የሚሉትንም ማሳየት ከፈለግሽ የመጨረሻውን እንዲህ አድርጊው፦ "ኦልዞው አይ ዋዝ ታየርድ፣ አይ ዌንት ቱ ክላስ፣ ኤንድ ማይ ቲቸር ዋዝ ሃፒ።"

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)
ገባኝ መምህር፣ አሁን ገባኝ። በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ሐሙስ እሰጣታለሁ፣ ያለችኝን መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።