ብረቱ የዛገ የአርማታ ኮለን በልስን ብቻ ይጠገናል?

ጥያቄ፦ በምድር ቤት ያለ አንድ የአርማታ ኮለን (ምሰሶ) ሽፋኑ ረግፎ የዛገው ብረት ይታያል። ሠራተኞቹ ዝገቱን ቦርሸው በሲሚንቶ ልስን ሊሸፍኑት ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን ጉዳቱ ተመልሶ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ላዩን መለሰን ምልክቱን መደበቅ ብቻ ነው። የተጎዳው አርማታ ከብረቱ ጀርባ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እስኪገኝ ተፈልፍሎ፣ ብረቱ ዙሪያውን ጸድቶ፣ ነባሩ አርማታ ውሃ ጠጥቶ የላዩ ውሃ ሲደርቅ የጥገና ሞርታር (ለጥገና የሚውል የሲሚንቶ ድብልቅ) ይሞላል። ኮለን ሸክም ተሸካሚ በመሆኑ ግን ከመፈልፈሉ በፊት ጭነቱ በድጋፍ መያዙን መሐንዲስ ያረጋግጥ።

መልስ 2፦ መንስኤው ካርቦኔሽን (የአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን የአርማታ አልካላይነት መቀነሱ) ነው ወይስ ክሎራይድ (ከጨው የሚመጣ ብክለት) የሚለው ይቅደም። ፌኖልፍታሊን የተባለ መመርመሪያ ፈሳሽ አዲስ በተሰበረ የአርማታ ገጽ ላይ ሲረጭ ጤናማው ክፍል ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ካርቦኔሽን የደረሰበት ቀለም አያወጣም። መንስኤው ክሎራይድ ከሆነ ደግሞ (ብዙዎች ይህን ይዘነጉታል) የተበከለ አርማታ በዙሪያው ከቀረ ዝገቱ ከጥገናው ጠርዝ ቀጥሎ ሊቀሰቀስ ይችላል።

ጠያቂ፦ አንዳንዶቹ ስታፋዎች (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፉ ቀለበት ብረቶች) በዝገት ተበልተው ተቆርጠዋል። ኮለኑን በካርቦን ፋይበር (በማጣበቂያ በሚለጠፍ ጠንካራ ጨርቅ መሰል ቁስ) መጠቅለል ይበቃል?

መልስ 1፦ ፋይበሩ ኮለኑን አቅፎ ይይዛል እንጂ የጀመረውን ዝገት አያስወግድም፤ በእሳት ጊዜም የሚያጣብቀው ኢፖክሲ ቶሎ ይለሰልሳል። እኔ ብሆን አዲስ ብረትና ስታፋ ጨምሬ በአርማታ ጃኬት (ኮለኑን ዙሪያውን በሚሸፍን አዲስ አርማታ) አጠናክረው ነበር፤ የሚጨመረው ክብደት ግን እስከ መሠረቱ ድረስ መሰላት አለበት።