ጅረን ላለ ግቢ ካሜራ ልገዛ ነው፤ ብሬን ከማውጣቴ በፊት ምከሩኝ

የጅረን ልጅ፦

ሰላም ጅማዎች። ጥያቄዬ ስለ ካሜራ ነው፤ ግን ከጀንፈሉ ልጀምር።

እናቴ ከጓሯችን የሚለቀመውን ቡና በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሽቦ አልጋ ታሰጣለች። ብዙ አይደለም፤ ደርቆ ሁለት ማዳበሪያ ቢወጣው ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ የምንጠጣው እሱን ነው። ከተረፈም ተሽጦ የበርበሬ ይሆናል። ማክሰኞ ማታ እንደ ልማዷ ሸራ አልብሳው ገባች። እኔ ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጠዋት ስመለስ እናቴ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ጀንፈሉ የለም። ሸራው ግን በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከቡናው በላይ ያንገበገባት ይሄ ነው። «ሸራ አጣጥፎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» እያለች ለመጣ ሰው ሁሉ ትናገራለች።

የመጀመሪያው አይደለም። መስከረም ላይ የውኃ ዳይናሞ ከነቱቦው ተነቅሎ ሄዷል። ከዚያ በፊት የጋዝ ሲሊንደር፣ ከዚያ በፊት የተከራያችን ጫማ። ሰርቪሱ ላይ 3 ተማሪዎች ተከራይተዋል። ማንንም መጠርጠር አልፈልግም ነበር፤ አሁን ግን ደህና አደራችሁ ስላቸው እጃቸውን ማየት ጀምሬአለሁ። ይሄ ጠባይ ከራሴ ጋር እያጣላኝ ነው።

ግቢው እንዲህ ነው። ፊት ለፊት የብረት በር፣ በሦስት ጎን የቆርቆሮ አጥር፣ ከኋላ ባሕር ዛፍ። ከበሩ እስከ ቤቱ 18 ሜትር ይሆናል፣ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። መብራት ይጠፋል፣ እሱን ለእናንተ አልነግርም። ኢንተርኔት የምንጠቀመው በስልክ ዳታ ነው።

አንድ ሱቅ «4 ካሜራ በጣሪያው አራት ማዕዘን፣ ባለ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ፣ ሁሉንም እኔ እገጥማለሁ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ሽቦ ምን ያደርግልሻል፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ባለ ሶላር ውሰጂ» ይላል። የቱ ይሻላል? ዘበኛ ቅጠሪ እንዳትሉኝ። የዘበኛ ደሞዝ የኔን ሊደርስበት ትንሽ ነው የቀረው።

ቆፍጣናው፦

ካሜራ አይነክስም እህቴ። ውሻ አሳድጊ።

የጅረን ልጅ፦

ነበረን። ጅብ በላው።

ሽቦ ዘርጊ፦

ሂርማታ አካባቢ ካሜራ እገጥማለሁ፤ 9 ዓመት ሆነኝ። የሚሸጠውን ሰው ሥራ ላበላሽበት አልፈልግም፣ ግን ሳትገዢ ስለጠየቅሽ የማውቀውን ልንገርሽ።

ካሜራው ምን እንዲያይልሽ ነው የምትፈልጊው? «ሌባውን» እንዳትይኝ። ሰው መግባቱን ማየት አንድ ነገር ነው። ማን እንደገባ ማየት ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሰጡሽ ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ያያል፤ ግቢሽን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያሳይሻል። በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ባለ 2 ሜጋፒክሰል ከሆነ ፊት ለይቶ የሚሰጥሽ እስከ 3 ሜትር ነው፣ ግፋ ቢል 5። በ18 ሜትር ላይ ያለ ሰው ጉንዳን ነው። ባለ 6 ሚሊሜትሩ የሚያየው ስፋት ጠባብ ነው፣ ግን 8 ሜትር ላይ ያንኑ ፊት ይሰጥሻል። ስለዚህ ስትገዢ «ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ሌንሱንም ጠይቂ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። በጣሪያ ማዕዘን፣ 4 ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚቀርጸው ኮፍያ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሌሊት ጋቢውን በራሱ ላይ ያደርጋል። ደንበኞቼ አምጥተው ካሳዩኝ ቀረጻ ውስጥ ስንቱ ጋቢ መሰለሽ! አንዷን ካሜራ በሩ አጠገብ፣ ከ2 ሜትር ትንሽ ከፍ አድርገሽ፣ ወደ ትንሿ በር አዙሪያት። የገባ ሰው ፊቱን ይዞ ይግባ። ዝቅ ያለች ካሜራ ራሷ ትሰረቃለች ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚህ ነው ሁለተኛዋ ከቤቱ በኩል ሆና የመጀመሪያዋን የምታያት። 4 አያስፈልግሽም፣ በቦታቸው የገቡ 2 ይበቁሻል።

መብራቱ ላይ ልቆይ፣ ዋናው ጣጣ እሱ ነው። 2 ካሜራና የቀረጻው ሳጥን አንድ ላይ 20 ዋት ገደማ ይበላሉ እንበል። ብዙ ሰው የሚገዛው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ባትሪ ነው። እሱን እስከ ጥግ ማሟጠጥ ይገድለዋል፤ በግማሹ ከሠራሽ የሚያቆይሽ 2 ሰዓት ነው። መብራት ከማታው 4 ሰዓት ከጠፋ 6 ሰዓት ላይ ዓይንሽ ይጨፈናል ማለት ነው። ሌሊቱን የሚያድር ከፈለግሽ የመኪና ባትሪ የሚያህል፣ 50 አምፒር ገደማ ያስፈልጋል። የዋይፋይ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ራውተሩም መብራት እንደሚፈልግ አትርሺ።

ሶላሯ መጥፎ አይደለችም። በጋ ላይ ትሠራለች። የጅማን ክረምት ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ፀሐይ ለሳምንት የምትጠፋበት ጊዜ አለ። ፓነሉ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ከሆነማ ጌጥ ነው። ሌላም አለ። ባትሪ ለመቆጠብ ትተኛለች፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ነው የምትነቃው። እስክትነቃ ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቷት ሊሆን ይችላል።

ዳታውም ይቆጠራል። ከሥራ ቦታሽ ሆነሽ ቀጥታ ስታዪ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ከሄደ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እያየሽ ብታድሪ ጀንፈሉን በዳታ ከፈልሽው። ቀረጻው ቤት ይቀመጥ፣ ወደ ስልክሽ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይምጣ። ዲስኩ አያሳስብሽ። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የምትጽፍ ካሜራ በቀን 21 ጊጋ ከምናምን ትበላለች። ባለ 1 ቴራው ለ2 ካሜራ 23 ቀን ያህል ይይዛል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሰውዬው በየት ነው የወጣው? ማዳበሪያ ተሸክሞ የቆርቆሮ አጥር የሚዘል ሰው እስካሁን አላየሁም።

የጅረን ልጅ፦

ወንድሜ፣ ይህንን እንዳነበብኩ ተነሥቼ አጥሩን ዞርኩት። ሽንት ቤቱ ጀርባ አንድ ቆርቆሮ ምስማሩ ሁሉ ወልቋል። በእጄ ገፋ ሳደርገው እንደ በር ተከፈተ። ስንት ወር እንዲህ እንደቆየ እንጃ።

ሽቦ ዘርጊ፦

እንግዲያው ከካሜራው በፊት ምስማር ግዢ። እኔም አትራፊ አይደለሁም ማለት ነው።

እሜቴ ከፈረንጅ አራዳ፦

ልጄ፣ እኔ ስለ ሌንስና ስለ አምፒር አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፣ ተከራይ አለኝ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ ካሜራ አስገጠመልኝ። ወደ ቧንቧው ነበር ያዞረው፣ ያን ሰሞን ባልዲ ይጠፋ ስለነበር። ቧንቧው አጠገብ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ አለ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ የተከራዩት፣ ጨዋ ልጆች። ፎጣ ለብሰው የሚያልፉበት መንገድ በስልኬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ እግዜር ያውቃል ልብ አላልኩትም። እነሱ ግን ልብ ብለዋል። አንድም ቃል ሳይናገሩ በወሩ መጨረሻ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። የወጡበትን ምክንያት የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ባልዲው አሁንም አለ። ልጆቹ ግን የሉም።

ስለዚህ ከመግጠምሽ በፊት ተከራዮችሽን ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። የት እንደሚሰቀል አሳዪያቸው። ወደ መታጠቢያና ወደ ሽንት ቤት አይዙር፣ ወደ ጎረቤት ግቢም አይዙር። የሚሰርቅ ከውስጥ ካለ ካሜራ እንደሚገባ መስማቱ በራሱ ያስተወዋል። ከሌለ ደግሞ ሰው አላስቀየምሽም።

የጅረን ልጅ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የማስበው ሽንት ቤቱ ጀርባ ስላለው ቆርቆሮ ነበር፤ እዚያ ላደርገው ነበርኮ! በምስማር ይታሸጋል እንጂ ካሜራ ወደዚያ አይዞርም።

ባለ ባጃጁ፦

የኔን ስሙና ሳቁ።

ከቤቴ ደጅ የባጃጄ ጎማ ተፈትቶ ተወሰደ። ካሜራ ነበረኝ፣ ፊቱም ቁልጭ ብሎ ታይቷል፣ ሰውዬውንም አውቀዋለሁ። ደስ ብሎኝ ቀረጻውን በፍላሽ ይዤ ለማመልከት ሄድኩ። የተሰረቀው ከሌሊቱ 8:12 ላይ ነው፤ ውሻ ሲጮህ ነቅቼ ሰዓት አይቻለሁ። ካሜራው ላይ ግን 07:12 ይላል። ቃሌን የተቀበለኝ ሰው ስክሪኑን አየና «ከሌሊቱ 7:12» ብሎ ጻፈ። ተጠርጣሪው ደግሞ ከሌሊቱ 7:12 ላይ ሥራ ቦታ እንደነበር 3 ሰው መሰከረለት። እውነታቸውን ነው፣ ነበር! ከዚያ በኋላ ነው ወደኔ የመጣው።

ችግሩን ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው። ሳጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ በቻይና ሰዓት ተሞልቶ ነው የመጣው፣ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረው አቆጣጠር 02:12 ማለት ሲገባው 07:12 አለ። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው በራሳችን ነው። ሁለት ስሕተት ተደራርቦ ሌባዬን ነጻ አወጣው።

ስለዚህ እህት፣ ስታስገጥሚ የሰዓት ክልሉን ጂኤምቲ +3 አስደርጊ። ቀረጻ ለማንም ስትሰጪ ደግሞ «ካሜራው 02:12 ይላል፣ በእኛ ከሌሊቱ 8:12 ነው» ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ ስጪ። ቀኑንም እንዲሁ፣ በእኛም በፈረንጁም። ሳጥኑ ላይ ብቻ አትተዪው፣ ዲስኩ ሲሞላ በላዩ ይጽፍበታል። በዚያው ቀን ገልብጪው።

ሽቦ ዘርጊ፦

ይሄን እኔም ከደንበኞቼ ግማሹ ቤት አስተካክዬ አውቃለሁ። የይለፍ ቃሉንም ጨምሪበት። ከፋብሪካ የመጣውን እንዳለ የሚተዉ ብዙ ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ስንት ሺህ ካሜራና ራውተር የያዘው በዚሁ ቀዳዳ ነው። የገጠመልሽ ቴክኒሽያን እኔም ብሆን ስወጣ ቀይሪው።

የጅረን ልጅ፦

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቆርቆሮውን መታነው። ከዚያ ተከራዮቹን ቡና ጠራናቸው። እናቴ የጀንፈሉን ታሪክ ከሸራው ጀምራ ነገረቻቸው፣ ለአምስተኛ ጊዜ መሰለኝ። አንዱ ኮምፒውተር ነው የሚያጠናው። ሰዓቱን ያስተካከለው፣ የይለፍ ቃሉን የቀየረው፣ ማስጠንቀቂያው ወደ ስልኬ እንዲመጣ ያደረገው እሱ ነው። እጁን እያየሁ ደህና አደርክ ስለው የነበረው ልጅ። አፍሬአለሁ፣ ግን አልነገርኩትም።

ባለ ሽቦ 2 ካሜራ ገዛሁ። አንዷ ከበሩ ውስጥ ምሰሶው ላይ፣ ሌላዋ በረንዳው ላይ ሆና በሩንና ማስጫውን ታያለች። ትልቁን ባትሪ በዱቤ ወሰድኩ። ሰው ሲያልፍ የሚበራ ፓውዛም ጨመርኩ። ሽቦው ካሜራው ጋ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው የተሠራው፣ የዝናቡ ውኃ እዚያ እንዲንጠባጠብ። በመጀመሪያው ዝናብ አየሁት፣ ይሠራል።

ሌባ ይዣለሁ ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የጠፋ ነገር የለም፣ ግን የሚሰረቅ ጀንፈልም አልነበረም። ካሜራው ይሁን ምስማሩ ይሁን ፓውዛው፣ መለየት አልችልም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስልኬን ትቀበለኝና ሌሊቱን ትገመግማለች። «ያ ባለ ሥርዓቱ መጣ?» ትላለች።

አንድ ችግር አለ። ሰሞኑን በሌሊት 60 ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ተረኛ ሆኜ ስልኬ ይጮሃል። ከፍቼ ሳየው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ሌንሱ ፊት ይወዛወዛል።

ሽቦ ዘርጊ፦

ሸረሪት ናት። ካሜራዋ ማታ የምታበራው ብርሃን ለእኛ አይታይም እንጂ ድሩ ላይ አርፎ ሲመለስ እንደ ገመድ ይደምቃል። ፓውዛውን ለካሜራዋ አስጠግታችሁ ሰቅላችሁት ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ትንኝ ይጠራል፣ ትንኙ ሸረሪት ይጠራል። ፓውዛውን አንድ ሁለት ሜትር አርቂው። ሌንሱን በሳምንት አንዴ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ። ልጁ ደግሞ ማስጠንቀቂያው የሚሰጥበትን ክልል በበሩና በመተላለፊያው ብቻ ይወስነው።

የጅረን ልጅ፦

አመሰግናለሁ። ለካ ከ60ው አንዱ እውነተኛ ነበር፤ ከሌሊቱ 9:40 ላይ ጅብ በሩ ሥር አሽትቶ ሄዷል።

ቆፍጣናው፦

ውሻውን የበላው እሱ ነው?

የጅረን ልጅ፦

እንጃ። ፊቱን ግን በደንብ ይዘነዋል።