ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምናለሽ ተራ! እናንተስ የት ትሄዳላችሁ?

የበረንዳዋ ገበሬ፦

ሰላም ናችሁ? የትዳር ምክር ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። ባልና ሚስት ሆናችሁ ቅዳሜና እሑድ የት እንደምትውሉ ልጠይቅ ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

ባሌ አሮጌ ራዲዮ ይጠግናል። እንጀራው አይደለም፣ ፍቅሩ ነው። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ናሽናል፣ እነዚያ ድሮ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሰው ይቀመጡ የነበሩት። አሁን ቤታችን ውስጥ 11 አሉ። የሚናገሩት 3 ናቸው፤ ባሌ ሲጨመር 4።

ካቻቢቴው ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ባለፈው ሰሞን ቡና ቆልቼ ረከቦቱን ስስብ አንዱ ሲኒ ውስጥ ብሎን ተቀምጧል። ልቆጣ አፌን ስከፍት «እሱን አይደል እንዴ ሁለት ቀን የፈለግኩት!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብላችሁ ትቆጡታላችሁ?

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ ይፈልጋል። ፉጨት፣ ጩኸት፣ ሽሽሽ። ያው ዜና እኔ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ አለ። ሳሳየው «የኔ ግን ከሩቅ ነው የመጣው» ይለኛል። የኔ ከጎረቤት መጣ አላልኩ!

እሱንም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሽርሽሩን ነው። በቀደም ቅዳሜ «ዛሬ ላዝናናሽ፣ ልበሺ» አለኝ። ነጭ ጫማዬን አደረግኩ፣ ፀጉሬን አስተካከልኩ። ወሰደኝ… መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ! አንድ ስፒከር ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከረ። እኔ በጎማ ጫማ ክምርና በበርሜል መሐል ቆሜ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ሳዳምጥ ዋልኩ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የገዛውን ራዲዮ ጎኑ አስቀመጠው፤ ወያላው «ቦታ ይዟል» ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለን። ለማይናገር ራዲዮ! ነጩ ጫማዬማ አይነሳ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ጣጣ አለብኝ። በረንዳችን ላይ በተቆረጠ ጄሪካን ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል አበቅላለሁ። ውኃው ታች ያሉት ጎረቤታችን ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ግን እሱ ነው። መንገድ ላይም ችግኝ ካየሁ እግሬ አያልፍም።

እንግዲህ ያለነው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፣ መኪና የለንም፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የምንወጣው። ቢሾፍቱ ሆራ ሄደን ነበር፤ ሐይቁን እያየ ስለ ኮንደንሰር አወራኝ። ሁለታችንንም የሚያስደስት ቦታ አለ?

ብሎን ፈቺ፦

እህቴ፣ እኔም የዚሁ በሽታ ታማሚ ነኝና ስለ ባልሽ ልመስክር። ቅድሚያ የብሎኑን ነገር እንጨርስ። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔቱን ያውጣና የወተት ጣሳ ክዳን ሥር ያጣብቀው። ሲፈታ ብሎኖቹን ክዳኑ ላይ ይጣላቸው፤ ብትገለብጪውም አይበተኑም። ሲኒሽ ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ የማታው ፉጨት የራዲዮው ጥፋት ላይሆን ይችላል። የስልክ ቻርጀርና አንዳንዱ ኤልኢዲ አምፖል በአጭር ሞገድ ላይ ክፉ ረብሻ ይለቃሉ። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የጎረቤቱም ይጨመራል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩት። ከዚህ ሁሉ ርቆ መስማት ከፈለገ ከፍ ያለ፣ መብራት የሌለበት ቦታ ይሂድ። እኔ በባትሪ የሚሠራውን ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ። ባለቤቴ አትከተለኝም፤ «እብድ ባል አላት ይሉኛል» ትላለች።

የሦስት ልጆች እናት፦

የኔ ልጅ፣ ባልሽ ቤት ቁጭ ብሎ ራዲዮ ፈታ ብለሽ ነው ይሄን ያህል የጻፍሽው? የኔው እሑድ እሑድ ለኳስ ይወጣና አርሴናል ከተሸነፈ እራት አይበላም። እኔ በዚያ ሰዓት ፀጉሬን እሠራለሁ፣ እህቴ ቤት ቡና እጠጣለሁ። አብሮ መዋል ግዴታ ነው ያለው ማን ነው? ምናለሽ ተራ ብቻውን ይሂድ፤ አንቺ እግርሽን ዘርግተሽ ተኚ።

የሽሮ ሜዳው፦

እትዬ ከላይ ያሉት ልክ ናቸው፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ቦታ ነው። ዕፅዋት ለምትወድ ሰው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ 705 ሄክታር ነው፣ አገር በቀሉን ዛፍ ስሙን እያነበብሽ ትሄጃለሽ። መንቀል ግን የለም! ጄሪካንሽን ቤት ተይው።

እንጦጦ ከፈለጋችሁ ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ወደ ላይ የሚወጣውን ታክሲ ያዙ። እንጦጦ ማርያም፣ ምኒልክ በ1882 የነገሡበት፣ ሙዚየሙም እዚያው ግቢ ነው። በ2013 የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ሻይ ቡናው ኪስ ይጎዳል፤ ቆሎና ውኃ ይዛችሁ ባሕር ዛፉ ሥር መቀመጥ ይሻላል። ጋቢ አትርሱ። ፀሐይ ናት ብላችሁ በሸሚዝ ብትወጡ ብርዱ ያስተምራችኋል።

የበረንዳዋ ገበሬ፦

እትዬ የሦስት ልጆች እናት፣ ምክርዎን ባለፈው ቅዳሜ ሞክሬዋለሁ። ብቻውን ሄዶ ሁለት ራዲዮ ይዞ መጣ። አብሬው ስሄድ ቢያንስ አንድ ነው።

ለሌሎቻችሁ ወሬውን ላድርስ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንጦጦ ወጣን። እሱ ናሽናሉን በስድስት ትልልቅ ባትሪ ሞልቶ እንደ ሕፃን አቅፎታል፤ እኔ ቆሎና ፔርሙስ ይዣለሁ። ከማርያም አለፍ ብለን ባሕር ዛፍ ሥር ጋቢ አነጠፍን። አንቴናውን ሳበው። ብሎን ፈቺ እውነትህን ነው፤ ያ ፉጨት የለም። አረብኛ መጣ፣ ቻይንኛ የሚመስል መጣ፣ ከዚያ የማናውቀው አገር ዘፈን መጣና እዚያው ተወው። ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን አሳርፈው «ይሄ ነገር አሁንም አለ?» አሉና አጠገባችን ተቀመጡ። አባታቸው እንዲህ ዓይነት ነበራቸው አሉ። ቡና ቀዳሁላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ጦስኝ የት የት እንደሚበቅል በእጃቸው አሳዩኝ። ባሌን ያኔ ረሳሁት። አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቼ ስመለስ ጋቢውን ተጠቅልሎ ራዲዮው ጆሮው ሥር ተኝቷል።

ማግኔቱም ተሠርቷል። የወተት ጣሳ ግን ስላልነበረን የስኳሬን ዕቃ ክዳን ወስዶታል።

ስንመለስ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ጄራኒየም አየሁ። ሰባት ፍሬ በካርቶን። ራዲዮውን ጭኑ ላይ ስላደረገው ወያላው ምንም አላለንም፤ ካርቶኑን አየና «የዚህኛው ሒሳብ?» አለ። ባሌ እየሳቀ ከፈለ።