ሦስት አገሮች ቀሩኝ፤ መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ከ54ቱ የአፍሪካ አገሮች አንዳንድ መጽሐፍ ለማንበብ ለራሴ ቃል ገብቼ ስነሣ፣ የናይጄሪያውን፣ የኬንያውንና የግብፁን ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሳልቸገር አግኝቻለሁ። አሁን ግን በደብተሬ ላይ ሦስት መስመሮች ባዶ ቀርተዋል፦ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ፣ ኮሞሮስ። እኔ የማነበው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን፣ የእነዚህ አገሮች ደራስያን ደግሞ በአብዛኛው የሚጽፉት እንደ ቅደም ተከተላቸው በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛና በፈረንሳይኛ ነው። አንድ ወዳጄ የውጭ ጎብኚ የጻፈውን ማስታወሻ አንብቤ እንድገላገል መክሮኝ ነበር፤ ራስን ማታለል ስለመሰለኝ አልተቀበልኩትም። ስለዚህ የአገሩ ተወላጅ ጽፎት ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ የምታውቁ፣ ርእሱንና ቢቻል በውሰት የሚገኝበትን ቤተ መጻሕፍት እንድትጠቁሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለኮሞሮስ የግጥም መድበልም ቢሆን ይበቃኛል።