የባውሃውሱ ቤዚስት ዴቪድ ጄይ ለብቻው የሠራቸው፦ ከየትኛው ይጀመራል?

አራተኛ ክር፦
የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ባውሃውስን ከመጀመሪያው ነጠላ ሸክላ እስከ 1983ቱ አልበም አዳምጬ ጨርሻለሁ። አሁን የቤዝ ተጫዋቹን የዴቪድ ጄይን የግል ሥራዎች ፈልጌ ነበር፤ ግን አልበሙም፣ ኢፒውም (ከአልበም የሚያጥረው ሸክላ)፣ ከሌላ ሰው ጋር የሠራውም ተደበላልቆብኛል። በየትኛው ልጀምር? ሁለተኛ፣ እኔም ዜማ የማወጣው በቤዝ ነው። ያንኑ ወደ አኮስቲክ ጊታር ሳዞረው ለምን ይልፈሰፈሳል?

ሸክላ ቤት፦
ያንን የባውሃውስን ጨለማ ድምፅ ከፈለግክ እዚህ አታገኘውም፤ ዴቪድ ጄይ ከባንዱ ሲወጣ ይዞት አልወጣም። ድልድዩ ያለው ባውሃውስ ውስጥ ነው። «በርኒንግ ፍሮም ዚ ኢንሳይድ» ሲቀረጽ ድምፃዊው ፒተር መርፊ በሳንባ ምች ታሞ ስለነበር ሥራው በብዛት በጊታሪስቱ በዳንኤል አሽና በዴቪድ ጄይ ትከሻ ላይ ወደቀ። እዚያ ላይ «ሁ ኪልድ ሚስተር ሙንላይት»ን የሚዘፍነው ዴቪድ ጄይ ነው፤ ፒያኖ፣ ረጋ ያለ አዘፋፈን፣ ቃሉን ከፊት የሚያስቀድም። ያ ከጣመህ ቀጥታ ወደ 1990ው «ሶንግስ ፍሮም አናዘር ሲዝን» እለፍ። አኮስቲክ ጊታር የሚበዛበት ነው፤ «አይል ቢ ዩር ሾፈር» የሚለው ዘፈን ያኔ በቢልቦርድ የዘመናዊ ሮክ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስና የ1985ቱን «ክሮኮዳይል ቲርስ ኤንድ ዘ ቬልቬት ኮሽ» ስማ። የ1983ቱን «ኤቲኬት ኦፍ ቫዮለንስ» መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ገና መንገዱን እየፈለገ ያለ ሰው ሥራ ስለሆነ ወጥ አይደለም።

ኖርዝሃምፕተን፦
በ1983ቱ ላይ አልስማማም፤ ወጥ አለመሆኑ ነው ጥሩነቱ። ደግሞ መነሻው እሱም አይደለም። ባንዱ ገና ሳይፈርስ፣ በ1981፣ ከሬኔ ሃልኬት ጋር በፎር ኤዲ ኩባንያ ነጠላ ሸክላ አውጥቷል። ሃልኬት በወጣትነቱ ባንዱ ስሙን የወሰደለት የቫይማሩ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ አዛውንት ነው፤ ግጥሙን በራሱ ድምፅ ያነባል፣ ዴቪድ ጄይ ከሥር ሙዚቃውን ያነጥፋል። በ1984 ደግሞ የኖርዝሃምፕተኑ ልጅ፣ የኮሚክ ጸሐፊው አላን ሙር በ«ቪ ፎር ቬንዴታ» ኮሚኩ ላይ የጻፈውን የዘፈን ግጥም ወስዶ በዚያው ስም ኢፒ ሠራ። ለሌላ ሰው ቃል ሙዚቃ ማበጀት የዚህ ሰው ዋና ሙያው ነው፤ ሁለቱን ከዘለልክ የኋላው ግራ ያጋባሃል።

ከ1985 እስከ 1990 ያለው ክፍተት ዝምታ እንዳይመስልህ። ከአሽና ከወንድሙ ከከበሮ ተጫዋቹ ኬቪን ሃስኪንስ ጋር ላቭ ኤንድ ሮኬትስን መሥርተው ነበር፤ በ1989 «ሶ አላይቭ» በአሜሪካ ሦስተኛ ደረሰ።

ስትፈልግ የሰውየውን ስም ብቻ አትጻፍ፣ ብዙ ዲጄዎች ይመጡብሃል፤ የአልበሙን ስም ጨምር። ያገለገለ ሸክላ ከገዛህ የ1983ቱ ሲቹዌሽን ቱ፣ የ1985ቱ ግላስ የሚል የአሳታሚ መለያ ሊኖረው ይገባል። ሻጩን መሐል ላይ ባዶው ቦታ የተጫረውን ቁጥር ፎቶ አስልከው፤ ሽፋኑና ሸክላው የተለያየ እትም ሆነው የሚሸጡ አሉ።

ወፍራም ክር፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ባውሃውስ ውስጥ ጊታሩ ጩኸትና ጥላ ይሠራል፣ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ነው። ቤዝ ብቻውን ሲሄድ ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር አይናገርም። ዲ ስትመታ ሦስተኛዋ ኖታ ኤፍ ሻርፕ ትሁን ኤፍ ጆሮ ራሱ ይገምታል፤ ያ ጥርጣሬ ነው ውጥረቱን የሚሰጠው። አኮስቲክ ጊታር ላይ ሙሉ ኮርድ ስትይዝ ጥርጣሬው ያልቃል፣ ዜማውም ይለሰልሳል። ስለዚህ ሦስተኛዋን ኖታ ከጊታሩ አውጣት፤ ሥሩን (ዲን) እና አምስተኛውን (ኤን) ብቻ ያዝ፣ ሦስተኛዋን ለድምፅህ ተውለት።

ሌላው ቦታ ነው። ዲ፣ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ ብሎ የሚወርድ መስመር ቤዝ ላይ ቀላል ነው፤ ጊታር ላይ ግን ቢ ፍላት ባሬ (በአንድ ጣት ብዙ ክር መጫን) ስለሚፈልግ ክፍት ክሮቹ፣ ማለትም ሳይጫኑ የሚጮኹት፣ ይታፈናሉ። አንድ ቶን ከፍ አድርገህ ኢ፣ ዲ፣ ሲ፣ ቢ ሰቨን ብለህ ያዘው፤ ሁሉም ክፍት ክር አላቸው። ለድምፅህ ከበዛ ስድስቱንም ክር አንድ ቶን አውርድ። ያኔ ቀጭኗ ክሩ በ12 (የኢንች ሺሕኛ ውፍረት) የሚጀምር የክር ስብስብ ይላላና ይንጫጫል፣ በ13 የሚጀምረውን እሰር።

አራተኛ ክር፦
ቀረጻ ላይ ቤዙም ከኖረስ?

ወፍራም ክር፦
ያኔ ጊታሩ ላይ ስድስተኛና አምስተኛ ክሮችን አትምታ። የቤዝ ክፍት ኢ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ የጊታሩ 82፤ ከ80 እስከ 200 ኸርዝ ሁለቱ ይጋጩና ይደፈርሳል። ጊታሩን ከ120 ኸርዝ በታች ቁረጠው። ብቻውን ስትሰማው ይቀጥናል፤ ለብቻው እየሰማህ ግን አትፍረድ፣ ቤዙን ከፍተህ አስተካክል።