የጀልባ ሞተር ሸዋሮቢት ላይ፦ መሃል ሐይቅ ሲደርስ እየደከመ ይጠፋል

ሮቢት ፓምፕ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ ጥገና ነው። ሸዋሮቢት አካባቢ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ሞተሩ አልነሳ ሲለው ወደ እኔ ይመጣል። የጀልባ ሞተር ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። አሁን ደጄ ላይ አንድ ቆሟል።

የአጎቴ ነው። ወሎ፣ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሳፍርበት ትንሽ ጀልባ አለው። ሞተሩ ያማሃ ነው፣ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ስትሮክ። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚገባለት ዓይነት ማለት ነው። አሮጌ ነው፣ ቀለሙ አልቋል። ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ አይሱዙ ጭኖ ላከልኝ። የሰፈር ልጆች «ሮቢ ወንዝ ላይ መርከብ ልትጀምር ነው?» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። ይያዙ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ገመዱን ሲስቡት ወዲያው ይነሳል። ዳር ዳሩን በቀስታ ሲሄድ ምንም አይልም። መሃል ገብቶ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ግን ትንሽ ይሄድና ይደክማል፣ ከዚያ ይጠፋል። አረፍ ካለ በኋላ ይነሳል። ጋዝ ሲሰጡት ያው ነው።

ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥቤዋለሁ። ካንዴላዎቹን ቀይሬያለሁ። ኮምፕሬሽኑ ሁለቱም ላይ እኩል ነው። በጎኑ ቀዳዳ ውሃ በደንብ ይተፋል፣ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ደህና ነው ብዬ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? እኔ ጋ አይጠፋም! ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አቁሜ፣ ጀሪካን ቤንዚን ከላይ ሰቅዬ፣ በአዲስ ጎማ አገናኝቼ ሳስነሳው እንከን የለውም።

ሲግል ስለሚጠፋ ለካንዴላ እሳት የሚሰጡትን፣ ኮይሉን ወይም ሲዲአዩን ጠርጥሬያለሁ። አዲስ አበባ ደውዬ ዋጋ ስጠይቅ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ።

ባጃጅ ሐኪም

ኮይል ነው። ሲግል ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ባጃጅም ላይ ያው ነው። ቀይረውና ተገላገል።

ጣና ዳር

ኮይሉን ተወው ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። እኔ ባሕር ዳር በዚሁ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅህ።

ሲጠፋ እንዴት አድርጎ ነው የሚጠፋው? እሳት ሲቋረጥ ሞተር ድንገት ጸጥ ይላል። ወይም አንዱ ሲሊንደር ይቀርና ድምፁ ይለወጣል። ቤንዚን ሲያጥረው ግን እያቃሰተ እያቃሰተ ነው የሚጠፋው። አንተ «ይደክማል» ነው ያልከው። ይህቺን ቃል አጎትህ ናቸው ያሏት ወይስ አንተ?

ሌላው፣ የላኩልህ ሞተሩን ብቻ ነው ወይስ ታንኩንና የቤንዚን ጎማውንም ጭምር? ከአጻጻፍህ ሞተሩን ብቻ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ የታመመው ሐይቅ ቀርቷል፣ አንተ የምትመረምረው ጤነኛውን ነው።

ደግሞ ጀሪካኑን ከላይ ሰቅለኸዋል። የመስኖ ፓምፕ ላይ ታንኩ ከሞተሩ በላይ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል። ጀልባ ላይ ታንኩ ወለሉ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሞተሩ ራሱ ከታች መሳብ አለበት። ጎኑ ላይ ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ አለች። ውስጧ ስስ ዲያፍራም አለ። ከሞተሩ ሆድ የሚመጣው ግፊት እያርገበገበው ነው ቤንዚን የምትስበው። ከላይ ስትለቅላት ሥራ ፈታ ትቀመጣለች። ብትበላሽም አታውቅባትም።

ስለዚህ ጀሪካኑን መሬት ላይ አውርደህ ሞክረው። ፕሮፔለሩን አውጣው፣ አለዚያ ማርሽ ስታስገባ ውሃውን በሙሉ ከበርሜሉ ይጠርገዋል። ያለ ጭነት ብዙ አታስጩኸው። ያለ ውሃ ደግሞ ለአፍታም አታስነሳው፣ ውሃ የሚገፋው የውስጥ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል።

ከዚያ አጎትህ ጋ ደውል። የቤንዚኑ ጎማ መሃል ላይ በእጅ የምትጨመቅ ኳስ አለች። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ይጨምቋት እንደሆነ ጠይቅ። ሲጨምቋት ካገገመ ነገሩ እሳት አይደለም፣ ቤንዚን ነው። ያን ጊዜ ኳሷ ተጣብቃ ጠፍጣፋ ሆና ከተገኘች ከእሷ በፊት የተዘጋ ነገር አለ። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው አየር ማስገቢያ ብሎን ትሆናለች፣ ወይም ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት፣ ወይም ጎማው ራሱ። በተቃራኒው ለስላሳ ሆና አልጠነክር ካለች አንድ ቦታ አየር እየገባ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ንገራቸው። ሞተር ሲደክም በጋዝ ማስገደድ ይቅር። ሁለት ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይቱም ያንሰዋል። ፒስተን የሚነክሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሮቢት ፓምፕ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞተሩን ብቻ ነው የላከው፣ ልክ ነዎት። ጀሪካኑን አወረድኩት። ያለ ምንም ችግር ስቦ ይሠራል። ፓምፗ ደህና ናት ማለት ነው?

አጎቴ ጋ ደወልኩ። «እያቃሰተ ነው የሚጠፋው፣ ኳሷን ስጨምቃት ይነሳል፣ አንዳንዴ ጠፍጣፋ ሆና ነው የማገኛት» አይለኝም! ይህን ለምን አልነገርከኝም ስለው «መች ጠየቅከኝ» አለኝ። የታንኩን ክዳን ብሎን ሁሌም ይከፍታታል። ወንፊቱንም አውጥቶ አይቶታል፣ ንጹሕ ነው። ጎማውን በአውቶቡስ እየላከልኝ ነው።

ባቱ አሣ

ከዝዋይ ነኝ። ጣና ዳር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያወጣሃቸው አሮጌ ካንዴላዎች ምን ይመስሉ ነበር? ጥቁርና እርጥብ ከነበሩ ቤንዚኑ በዝቶበታል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ የሚስተካከሉት ለባሕር ወለል ነው። የኛ ሐይቆች ብዙዎቹ ከፍታ ላይ ናቸው። የአጎትህ ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። ሸዋሮቢት ግን ወደ 1,300 ትጠጋለች። አንተ ጋ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጠው የሚሠራበትን) ያስተካከልከው እዚያ ሲደርስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በልኩ አይቀንስለትም። ስለዚህ የመጨረሻውን ማስተካከያ እዚያው ሐይቁ ላይ አድርጉት።

ጉልበትም ይቀንሳል። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ በል። 15ቱ ፈረስ እዚያ 12 ቢሆን ነው። አጎትህ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ካሉ ችግር አለ። «ሰው ስጭን ጀልባው አይፈጥንልኝም» ብቻ ካሉ ግን ከፍታው ነው። ጠበብ ያለ እርምጃ ያለው፣ ማለትም በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ቢያስገቡ ይሻላቸዋል እንጂ ሞተሩን በከንቱ አትገነጣጥሉት።

ዘይቱንስ በስንት ነው የሚቀላቅሉት? ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያፈሰው። በዚህ ሞተር የተለመደው 50 ለ1 ነው። ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ። የሁለት ስትሮክ ዘይት፣ የጀልባ የሚል ከተገኘ ደግሞ እሱ። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ሮቢት ፓምፕ

ጎማው መጣ።

ውጪውን ብታዩት ምንም የለውም። አንድ ስንጥቅ አላገኘሁበትም። በአየር ስነፋው ያልፋል። ሞተሩ ላይ ገጥሜ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ አስነሳሁት። በሚኒሞ ደህና ነው። ጋዝ ጨመር ሳደርግ ኳሷ እያየኋት ሆዷ ገባ፣ ከዚያ ተጣበቀች። ሞተሩም ማቃሰት ጀመረ። አጠፋሁት።

ከታንኩ እስከ ኳሷ ያለውን ጎማ በምላጭ በቁመቱ ሰነጠቅኩት። ውስጠኛው ልባስ ከውጨኛው ተላቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ሲነፋ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና መንገድ ይለቃል። ሲሳብ ይመለስና ይዘጋል። በቀስታ ሲሄድ የምታልፈው ቤንዚን ትበቃዋለች፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ግን አትበቃውም። ይኸው ነው በቃ። ኮይል ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አጎቴ መሃል ሐይቅ ላይ ሆኖ ነበር የሚረግመኝ።

የዘይቱን ነገር ስጠይቀው «በዓይኔ አውቀዋለሁ» አለኝ። ባዶ የውሃ ላስቲክ ላይ በብዕር አስምሬ ልልክለት ነው።

አሮጌዎቹ ካንዴላዎች ቡናማ ነበሩ፣ ጥቁር አይደሉም። ኋላ ቀርቶ የመጣ ሌላ ጉድ ግን አለ። ፕሮፔለሩን ሳወጣ ከኋላው የአሣ መረብ ክር ተጠምጥሞ አገኘሁ። ጠርጥሬ የታችኛውን ማርሽ ዘይት ከፈትኩት። ነጭ ሆኗል። ውሃ ገብቷል ማለት ነው አይደል?

ባጃጅ ሐኪም

ኮይሉን አንስቻለሁ 😅 የጎማው ግን ተመችቶኛል።

ጣና ዳር

ገብቷል። ያ ክር ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ኦይል ሲሉን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚይዘውን ጎማ፣ እየቆረጠ ይገባል። ጣና ላይ የምናየው ማርሽ ብልሽት ብዙው ከዚህ ነው የሚጀምረው። ዘይቱን ጨርሰህ አውጣው፣ ጣትህ ላይ አሸት አድርገህ እየው። የብረት ብናኝ ከሌለው ማርሹ ተርፏል። ኦይል ሲሉን ቀይር። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ ጀርባ ለጀርባ ወይም ተከታትለው የሚገቡ። ስታወጣቸው አፋቸው ወዴት እንደሚያይ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ቁጥሩ ራሱ ላይ ስለተጻፈ የኩሽኔታ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ልኩን ልታገኝ ትችላለህ፣ የግድ የያማሃ ካልሆነ አትበል። ዘንጉ ላይ ክሩ ያጋጠው መስመር ካለ ግን አዲሱም አይዝልህም፣ በጥፍርህ ዳሰው።

አዲሱን ዘይት፣ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት፣ ከታችኛው ቀዳዳ ግፋው። በላይኛው እስኪወጣ ድረስ። ከላይ ከሞላኸው አየር ውስጥ ይቀርና ሳይሞላ የሞላ ይመስልሃል። መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን ዝጋ፣ ቀጥሎ የታችኛውን። የብሎኖቹን ጓርኒሲዮንም ቀይራቸው፣ ርካሽ ናቸው።

ባቱ አሣ

ጎማውን ስትገዛ የቤንዚን ብለህ ግዛ። ገበያ ላይ ያለው ግልጽ የውሃ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ይደነድናል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ኳሷንም አብረህ ቀይራት። ከጎማው ጋር እኩል ያረጀች ናት።

ሮቢት ፓምፕ

ኳሷንም ጎማውንም አዝዣለሁ። ዘይቱ ላይ ብናኝ የለም፣ ዘንጉም በጥፍር ሲዳሰስ ልስልስ ነው። ሲሎቹ ሁለት ናቸው፣ ቁጥራቸውም ይነበባል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሹፌር ጋ ናሙናውን ሰጥቼዋለሁ።